ሙቀት በዛብኝ

ቢቸና፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአስናቀው
ድሬዳዋ

አስኔ፤

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአጎትህ ልጅ ገብረ ኪዳን ነው። ብቻውን አይመጣም። እዚያው ድሬዳዋ የሚኖሩት ቄስ ሣህለ ማርያምና ሌሎች የአገራችን ሰዎች አብረውት ይሆናሉ። በማለዳ በርህን ቢያንኳኩ አትደንግጥ። አስገባቸው፤ ወንበር ባይበቃህ አልጋህ ላይ አስቀምጣቸው። አንብበህ እስክትጨርስ እንዲጠብቁህ ለገብረ ኪዳን አደራ ብዬዋለሁ። ጠባዩ እንደምታውቀው ችኩል ነው፤ ጉሮሮውን እየጠራረገ ቢያስቸግርህ “ማስተዋል ጠብቅ ብላሃለች” በለው። ከማንም ድምፅ በፊት የኔን እንድትሰማ ፈልጌ ነው። ድምፄን እንደማትወደው አውቃለሁ፤ ለዛሬ ብቻ ቻለኝ።

ስለኛ ካሰብክ፣ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ብሩክታይት የፊት ጥርሷ ወልቆ “ስ” ማለት አቅቷታል፤ ስምህን ስትጠራ ብትሰማት ትስቅ ነበር። ያለነው ቢቸና፣ እናትህ ቤት ነው። ቤቱ ሰው ስለበዛበት ጓዳ ገብቼ፣ ጎተራውን ተደግፌ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ያልነገርኩህ ኔትወርኩ እየጠፋ አስቸግሮኝ ብቻ አይደለም። እኔና አንተ በስልክ ተጨቃጭቀን እንጂ ተነጋግረን አናውቅም።

በመስከረም ሽማግሌ ልከህብኝ ነበር። ያመጡልኝ ቃል አጭር ነው፦ ወይ ማይኩን ትቼ ልጅህን ይዤ ድሬዳዋ እንድመጣ፣ ወይ በየፊናችን እንድንሆን። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁህም። ኩራት አልነበረም። ሁለቱንም ስለፈለግሁ ነው፤ አንተንም ሥራዬንም። መልሴን ዛሬ ትሰማለህ። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሣ፤ አንተ የምታውቀው ከመካከሉ ጀምሮ ነውና።

አንተ ከመካከሉ የሰማኸው የሚስትህ ድምፅ በባጃጅ ላይ ተጭኖ ሞጣ ገበያ ሲዞር ነው። ሰው ሲስቅ ሰማህ፤ የሳቀው ባንተ መሰለህ። መጀመሪያው እንዲህ ነበር። ባለ ሱቋ እትዬ ሀብትነሽ ብርድ ልብስ በብዛት አስመጥታ “ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ አንድ ማስታወቂያ ቅጂልኝ” አለችኝ። የቀበሌ ጸሐፊነቴ ሰልችቶኝ ስለነበር እሺ አልኳት። ከዚያ ማንም የሚጽፈውን ጻፍኩ፦ “ታላቅ የምሥራች ለሞጣና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች! ጥራታቸውን የጠበቁ ብርድ ልብሶች በተመጣጣኝ ዋጋ…” እያልኩ። እናትህ እማማ አጠገቤ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ጮክ ብዬ አንብቤ ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝ።

“ማነው የበረደው?” አሉኝ።

“ማንም አልበረደውም እማማ፤ ማስታወቂያ እኮ ነው” አልኳቸው።

“ማንም ካልበረደው ማን ይገዛዋል? አንድ የበረደው ሰው ፈልጊ እንጂ ልጄ። ስም ባይኖረው ግድ የለም፤ ብቻ ይብረደው።”

የሥራዬ ትምህርት ቤት ይኸው ነው፤ ሌላ አልተማርኩም። እዚያው እንደተቀመጡ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። የማን ታሪክ እንደሆነም ነገሩኝና ለማንም እንዳላወራ አስማሉኝ። ስሙን ትቼ ነገሩን ወሰድኩት። አንተ ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደሰማኸው እግዜር ይወቅ፤ እስከ መጨረሻው ግን አንድ ቀንም አልሰማኸውም፤ ባጃጁ ገና ብቅ ሲል በሩን ትዘጋ ነበር። ስለዚህ እንደገና ልንገርህ።

አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ያላቸው አንድ ቡልኮ ነው፤ ቡልኮውም አጭር ነው። ብርዱ የኅዳር ብርድ ነው። እሱ ወደ ራሱ ይስባል፣ እሷ ወደ ራሷ ትስባለች። “ወደ እኔ!” “ኧረ ወደ እኔ!” ሲባባሉ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሲነጋ ብትነቃ ቡልኮው እንዳለ እሷ ላይ ነው፤ እግሯ ሥር ሳይቀር ተጠቅጥቋል። ባሏ ምድጃው አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። “ምነው?” ብትለው፣ “ሙቀት በዛብኝ” አላት። ከዚያ በኋላ ነው የእትዬ ሀብትነሽ ስም የሚመጣው፤ ሁለቱንም የሚበቃ ብርድ ልብስ ሱቋ ገብቷል ተብሎ።

ያን ሰሞን ሞጣ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ለሽማግሌ ወንበሩን የሚለቅ ጎረምሳ “ሙቀት በዛብኝ” ይላል። የመጨረሻዋን ቁራሽ ለልጇ የምትገፋ እናት “ሙቀት በዛብኝ” ትላለች። አንተ በምትሠራበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ያንተ ጓደኞች ናቸው። “አስናቀው፣ ማታ ሚስትህ ከአልጋ አወረደችህ አሉ፤ ሙቀት በዛብህ እንዴ?” ሲሉህ ከረሙ። ሚስት የምታወራው የገዛ ባሏን ነው ብለው ደመደሙ፤ አንተም አብረህ ደመደምክ። “መኝታ ቤቴን ገበያ አወጣሽው” አልከኝ። ያንተ እንዳልሆነ ብምልልህ “ታዲያ የማን ነው?” አልከኝ። ምን ልበል? የማን እንደሆነ ላልናገር ምያለሁ። ዝም ስልህ ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠርከው። በሳምንቱ ልብስህን በከረጢት አድርገህ ወጣህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያኔ ግን ወለም ያለው ያንተ ጆሮ እንጂ የኔ አፍ አልነበረም። ይህን ሳልናገር ሦስት ዓመት ታፍኜ ከርሜአለሁ።

ከሄድክ በኋላ ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ሠራሁ። ባዶ የቀረውን ክፍል ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኜ መቅረጫ አደረግሁት። እማማ መግቢያው ላይ በርጩማቸውን ያደርጋሉ፤ እኔ ስልኬን ይዤ እቀዳለሁ። ለቆርቆሮ ነጋዴው ስጽፍ “ማን ላይ ነው የሚያፈሰው?” ይሉኛል። ለደብተር ሻጩ ስጽፍ “የትኛው ልጅ ነው የሚጽፍበት?” ይሉኛል። አንዳንዴ ሰውዬውን አግኝቼ ሳነብላቸው ዝም ብለው ባቄላቸውን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ደስ አለኝ አስኔ። ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ቀበሌ ተቀምጬ የሰው ጉዳይ እየመዘገብኩ ዕድሜዬን ስጨርስ አንድም ሰው “ከዚያስ?” ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ከመርጡለ ማርያም የመጣ ገበሬ መንገድ ላይ አስቆመኝና “ያ ቆርቆሮ የገዛው ሰውዬ ልጁን ዳረ ወይ?” አለኝ። እኔ የፈጠርኩት ሰው እኮ ነው። “ሠርጉ ለጥር ነው” አልኩት። “እንግዲህ እግዚአብሔር ያሳካለት” ብሎ አህያውን ነዳ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው። ነግዶ አዳሪን ሁሉ ሳሞግስ የምውል ሴት ብሆንም፣ ሰው በሰው ላይ እንዲያስብ አድርጌአለሁ። ይህን ነው ተዪ ያልከኝ።

ደስታዬ ግን አልዘለቀም፤ ይህን ከሰው ሳትሰማ አትቀርም። አምና የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ከፋለ ደረታቸው ታሞ ተኙ። የዕድሩ ዳኛ ቤቴ ድረስ መጡና “ማስተዋል፣ ያንቺ ሞንታርቦ ከጋሽ ከፋለ ጡሩንባ ይልቅ ይሰማል። እስኪሻላቸው የቀብር ጥሪውን አንቺ ተናገሪልን” አሉኝ። ዕድር ነው፤ እምቢ አይባልም። ዓመቱ ደግሞ እንዴት ያለ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ጥሪ የሌለበት ሳምንት አልነበረም። ያው ባጃጅ፣ ያው ነጂው ስጦታው፣ ያው የኔ ድምፅ። ጠዋት “የዕድራችን አባል አቶ እገሌ ስላረፉ” ብዬ፣ ከሰዓት “ሽሮ ሲወጠወጥ ሽታው ጎረቤት የሚጠራ” እላለሁ።

ቀስ በቀስ ባጃጁ ከማዞሪያው ብቅ ሲል ሴቶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። ልጆቻቸው የራቁባቸው እናቶች ድምፄን ሲሰሙ ባሉበት ይቆማሉ። የሽሮ መሆኑ ሲገባቸው አይስቁም፤ ይናደዱብኛል። እትዬ ሀብትነሽ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ “ማስተዋልዬ፣ ባንቺ አልከፋም፤ ግን ድምፅሽ ሲሰማ ገዢዎቼ ማን ሞተ እያሉ ከሱቅ ይወጣሉ። ለጊዜው ይቆይልኝ” አለችኝ። ቆርቆሮ ነጋዴው አልነገረኝም፤ ዝም ብሎ ሌላ ሰው አስቀዳ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም የገዛ ድምፄን መፍራት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ብሩክታይትን ጮክ ብዬ ስጠራት ራሴ እደነግጣለሁ።

የዚያን ጊዜ ወዳንተ ልመጣ ነበር። ሻንጣ አውርጄ፣ የልጅቱን ልብስ አጣጥፌ ነበር። እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና “የት ነው?” አሉኝ። “አስናቀው ልክ ነበር። ድምፄ ለሰው አልበጀም፤ ልተወው” አልኳቸው። ይቆጡኛል ወይም ያለቅሱብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና፣ “ትናንት የሞተው ማነው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አቶ ዘመነ ናቸው፤ የዕድራችን አባል። እኔው ተናግሬ የለ” አልኳቸው።

“እሱን ሰምቻለሁ። ማነው?”

የያዝኩትን የልጅቱን ልብስ ደግሜ አጣጠፍኩ።

“ዘመነ ማለት” አሉኝ፣ “የጉድጓዱን ውሃ ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት አድርጎ፣ ገመዱ ሲበጠስ ራሱ የሚገምድ ሰው ነበረ። ለሽሮ እንኳ ሰው ስትፈልጊ ውለሽ፣ ለሰውዬው ሰው ነፈግሽው። እንዲህ ከሆነ ድምፅሽን መፍራታቸው ምን ይገርማል? ባዶ ሞት እየወረወርሽባቸው!”

ሻንጣውን መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሪ ከመናገሬ በፊት ለቅሶ ቤት ጎራ እላለሁ፤ ስለ ሟች አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። “ገመዱን ይገምዱ የነበሩት አቶ እገሌ”፣ “ዳቦ ስትጋግር ለመንገደኛ የምታስቀረው እገሊት” እላለሁ። የዕድሩ ዳኛ “ሞትን ማስታወቂያ አደረግሽው፤ ከደንባችን ውጪ ነው” ብለው ስብሰባ ጠሩብኝ። ግማሹ አባል ደገፋቸው፤ እስካሁንም አልታረቅንም። ሰው ግን ባጃጁ ሲመጣ እንደ ድሮው አይደነብርም፤ ቆሞ ይሰማል። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሱቆቹ አልተመለሱልኝም። የቀሩኝ ወፍጮ ቤቱና የደብተር ሻጩ ናቸው፤ በነሱ ነው የምንኖረው። ድሎት ላይ ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ነገር ግን የተፈጠርኩበትን ሥራ ያገኘሁት ሥራዬ ሊጠፋ ሲል ነው።

አሁን መልሴን ስማ። ማይኩን አልተውም። ድሬዳዋም አልመጣም። አንተን ግን እፈልግሃለሁ፤ ስፈልግህም ሦስት ዓመቴ ነው። ወደ ቤትህ ና። አኩርፈህም ቢሆን ና። ገብረ ኪዳን ዛሬ ለሁለታችሁ መሳፈሪያ ይቆርጣል፤ አትከራከረው። በየፊናችን እንሁን የሚለውን ከመጣህ በኋላም ቢሆን ፊት ለፊት ትነግረኛለህ።

በጥቅምት እማማ ደከም አላቸው። ሐኪሙ አየት አድርጎ አይዟችሁ አለን። እሳቸው ግን “ቢቸና ውሰጂኝ፤ ቤቴን ልየው” አሉኝና ስጦታው በዝግታ እየነዳ አደረሰን። መንገድ ላይ እየቀለዱ ነው የመጡት፤ ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስም ጠሩት። ባለፈው ቅዳሜ ደውለህ “እማዬን አገናኚኝ” ስትለኝ “ቢቸና ናቸው” ብዬሃለሁ። አልዋሸሁህም አስኔ። ቢቸና ናቸው።

እዚህ እንደመጣን እኔ ከአልጋቸው ሥር መሬት ላይ ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ወገግ ሲል ስነቃ፣ ከእትዬ ሀብትነሽ የገዛሁላቸው ብርድ ልብስ እኔ ላይ ነው። እግሬ ሥር ሳይቀር ተጠቅጥቋል። በዚያ አቅማቸው እንዴት ጎንበስ ብለው እንዳለበሱኝ አላውቅም። በነጠላ ብቻ ተኩራምተው ያዩኛል።

“ምነው እማማ?” አልኳቸው።

“ሙቀት በዛብኝ” አሉኝ።

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ይህን እወቅልኝ፤ እናትህ ያን ጠዋት ከልባቸው ስቀዋል።

እንግዲህ ታሪኩ የማን እንደሆነ ሳይገባህ አልቀረም። ምድጃ አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ ያነጋው ሰውዬ አባትህ ናቸው። መሪጌታ። አንተ እንደ ታቦት የምታያቸው፣ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም የምትላቸው አባትህ። አጭሩ ቡልኮ የተሠራው እዚሁ ቢቸና ነው፤ ምድጃው አሁን እኔ ከተቀመጥኩበት ግድግዳ ወዲያ ነው። ጋራዡ ሲስቅ የከረመው አባትህ እናትህን በወደዱት መውደድ ነበር። ያፈርክበት ነገር ውርስህ ነው።

ገብረ ኪዳን ስልክ ላይ አንድ ድምፅ አለ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቢቸና የተናገርኩት ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ለእማማ ቃል ገብቼላቸው የነበረ ነገር ነው። ዛሬ ካልሆነልህ ሌላ ቀን ትሰማዋለህ። እንደተማርኩት ከሰው ነው የሚጀምረው፤ ባቄላ ከምትፈለፍል አንዲት ሴት።

እማማ የቡልኮውን ታሪክ ሲሰጡኝ ያስማሉኝ በአንድ ቃል ነበር። “እኔ እያለሁ ለልጄ እንዳትነግሪው፤ ፊቴን ማየት ያፍራል” ብለውኝ ነበር። ቃላቸውን ጠብቄአለሁ። ዛሬ ነገርኩህ።

ደብዳቤ በምርቃት ነው የሚያልቀው። የዚህን ምርቃት ግን ለቄስ ሣህለ ማርያም ትቼዋለሁ፤ በአፋቸው ይጨርሱልኝ። አሁን ወረቀቱን አጥፈው። አገሩ ሙቀት ነው ብለህ እንዳትተወው፣ ጋቢህን ደርብ። ከዚያ ቀና በል አስኔ፤ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው።

ባለቤትህ
ማስተዋል